ከኢትዮሳት ወዲህ አውሮፓ ውስጥ የአገር ቤት ቴሌቪዥን በዲሽ ማግኘት ይቻላል?

ጥያቄ፤ ከሙኒክ

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ደቡብ ጀርመን፣ ሙኒክ ከተማ ውስጥ ሲሆን፣ እናቴ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ጥቂት ዓመታት ሆኗቸዋል። ዕድሜያቸው የገፋ ነው፤ ጀርመንኛ አይሰሙም፤ እኔና ባለቤቴ ሥራ፣ ልጆቻችን ትምህርት ቤት በምንውልበት ሰዓት ቤት ውስጥ አማርኛ የሚሰሙት ከቴሌቪዥን ብቻ ነው። ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑን ቴሌቪዥን ከፍተው ቅዳሴና ስብከት ይከታተላሉ፤ ከሰዓት በኋላ ድራማ ያያሉ። የአዲስ አበባው የማታ 2 ሰዓት ዜና ደግሞ እዚህ በብርዱ ወራት ምሽት 12 ሰዓት፣ በሙቀቱ ወራት 1 ሰዓት ላይ ስለሚደርስ፣ ከሥራ ከተመለስን በኋላ አብረን ተቀምጠን የምንሰማው ነው።

በረንዳችን ላይ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዲሽ አለ። ለረጅም ጊዜ በናይልሳት አቅጣጫ፣ ማለትም በምዕራብ 7 እና 8 ዲግሪ ላይ ካሉት ሳተላይቶች የኢትዮጵያ ቻናሎችን ስንቀበልበት ኖረናል። የአገር ቤት ጣቢያዎች ወደ ኢትዮሳት ከተዛወሩ ወዲህ ግን ቻናሎቹ ተራ በተራ ጠፉብን፤ ሪሲቨሩን ደጋግመን ሰርች ብናስደርገውም እናቴ የሚፈልጓቸው አልተመለሱም። እዚህ ያገኘነው አንድ የዲሽ ሠራተኛ ዲሹን ወደ ምሥራቅ 57 ዲግሪ ካዞረው እንደሚሠራ ነግሮን፣ ለአዲስ ኤልኤንቢ (ከዲሹ ፊት የሚታሰረው ሲግናል ተቀባይ) እና ለጉልበቱ ቀላል የማይባል ገንዘብ ጠይቆናል። በዚሁ መሃል አከራያችን ዲሹ የሕንፃውን ገጽታ ያበላሻል በማለት እንድናነሣው በደብዳቤ አሳስቦናል።

ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ኢትዮሳትን ከሙኒክ በዲሽ መቀበል በእርግጥ ይቻላል ወይስ ገንዘባችንን በከንቱ ልናወጣ ነው? ሁለተኛ፣ አከራዩ ዲሹን አንሡ የማለት መብት አለው? በኢንተርኔት ማየት እንደሚቻል አውቃለሁ፤ ነገር ግን እናቴ ስልክና ኮምፒውተር አይነኩም፤ የሚያውቁት ሪሞቱን አንሥቶ ቁጥር መጫን ነው። እሳቸው በሚችሉት መንገድ የሚሠራ መፍትሔ ያገኘ ሰው ካለ ቢያካፍለኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

1ኛ መልስ፤ ከሪያድ

የተከበሩ እህቴ፣ አዲስ አበባ ሳለሁ በዲሽ ሥራ ለብዙ ዓመታት የቆየሁ ሰው ነኝ፤ አሁንም እዚህ ሪያድ በትርፍ ጊዜዬ ለወገኖቼ እተክላለሁ። ጥያቄዎ በየጊዜው ስለሚነሣና ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣበት ስለሆነ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልዎ።

ኢትዮሳት የራሷ ሳተላይት ያላት አይደለችም። የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር መቀመጫው ሉክሰምበርግ ከሆነው ኤስኢኤስ ከተባለው ኩባንያ ጋር ተስማምቶ፣ ኤንኤስኤስ 12 በምትባለው ሳተላይት ላይ ጣቢያዎቹን አንድ ላይ ያሰባሰበበት አገልግሎት ነው። ሳተላይቷ በ2009 (እ.ኤ.አ.) የተወነጨፈች ስትሆን የቆመችው በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ነው። እንደ ማንኛዋም የቴሌቪዥን ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆና ከምድር ጋር እኩል ስለምትዞር፣ ከእኛ አንጻር ቦታዋን ሳትለቅ የቆመች ትመስላለች። ዲሽ አንዴ ተስተካክሎ ከታሰረ የማይነካውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከሙኒክ ሲታይ ይህች ሳተላይት በደቡብ ምሥራቅ በኩል ከአድማስ በላይ ወደ 20 ዲግሪ ገደማ ትገኛለች። አዲስ አበባ ላይ 66 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነች እዚያ ዲሾቹ ወደ ሰማይ ቀና ብለው የተኙ ይመስላሉ፤ እዚህ ሪያድም 59 ዲግሪ ገደማ ናት። በእርስዎ ከተማ ግን ዝቅ ያለች በመሆኗ መጀመሪያ መታየት ያለበት ከፊት ለፊት የሚከልል ነገር መኖር አለመኖሩ ነው። ከዲሹ በ20 ሜትር ርቀት ላይ የቆመ ሕንፃ ወይም ዛፍ ከዲሹ በላይ ከ7 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ካለው ሲግናሉን ይዘጋዋል። ደግሞም የቀድሞው አቅጣጫዎ ወደ ደቡብ ምዕራብ ያዘነበለ ስለነበር፣ በረንዳዎ ወደ ምዕራብ የሚያይ ከሆነ የራስዎ ቤት ግድግዳ ራሱ ምሥራቁን ይከልለዋል። ሠራተኛው ስለዚህ አንድም ቃል ሳይናገር ዋጋ ከጠራልዎ፣ ወይ ቦታውን አላየውም ወይም ደንታ የለውም።

ዋናው ጉዳይ ግን ይህ አይደለም። ሳተላይት ከአድማስ በላይ መሆኗ ሲግናሏ ይደርሳል ማለት አይደለም። ሳተላይት ኃይሏን የምትረጨው በጨረር ነው፤ ጨረሩ ልክ እንደ ባትሪ መብራት ወደ ተመረጠ ስፍራ ይነጣጠራል፤ ከመሃሉ በራቁ ቁጥር እየደከመ ሄዶ ከጫፉ ውጭ ይጠፋል። አንዲት ሳተላይት ደግሞ ብዙ ጨረር ሊኖራት ይችላል፤ ኤንኤስኤስ 12ም ወደ ልዩ ልዩ አካባቢዎች የሚያነጣጥሩ ጨረሮች አሏት። የኢትዮሳት ቻናሎች የተጫኑት ወደ ምሥራቅ አፍሪካ በሚያነጣጥረው ላይ ነው፤ ምክንያቱም አገልግሎቱ የተቋቋመው በአገር ቤት በትንሽ ዲሽ ለሚያይ ሕዝብ ነው። ጣቢያዎቹም የሚከፍሉት ለዚያ ሽፋን ነው። ስለዚህ ሠራተኛው ዲሽዎን አዙሮ ከ57 ዲግሪ የሆነ ሲግናል ቢያሳይዎት እንኳን አይደሰቱ፤ የሚያሳይዎት ከዚያችው ሳተላይት ወደ ሌላ አካባቢ የሚላከውን ሊሆን ይችላል፤ የእናትዎን ቻናሎች ግን አያመጣም።

ትልቅ ዲሽ ቢገዛስ ይሉኝ ይሆናል። ትልቅ ዲሽ የደከመ ሲግናል ይሰበስባል፤ እውነት ነው። ነገር ግን በጨረሩ ጫፍ ላይ ያለ ከተማና ጭራሹኑ ከጨረሩ ውጭ ያለ ከተማ አንድ አይደሉም፤ ለመጀመሪያው ስፋት ይረዳል፤ ለሁለተኛው በረንዳ ላይ ሊቆም የሚችል ማንኛውም ዲሽ አይረዳም። ዲሽ በሰፋ ቁጥር ደግሞ የሚያይበት አቅጣጫ ስለሚጠብ አተካከሉ ይከብዳል። የእርስዎ ዓይነት 1 ሜትር ከ20 የሆነ ዲሽ በ1 ዲግሪ ብቻ ቢዛነፍ ሲግናሉ ክፉኛ ይወርዳል፤ ነፋስ የሚነቀንቀው በረንዳ ላይ ከሆነ ችግሩ ዘላቂ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው፤ ለዚህ ሥራ አንድም ዩሮ አይክፈሉ። ሠራተኛው እርግጠኛ ከሆነ እንዲህ ይበሉት፦ «በመጀመሪያ እናቴ የሚፈልጓቸውን ቻናሎች በዚህ ቴሌቪዥን ላይ አሳየኝ፤ ከዚያ እከፍላለሁ።» በዚህ ከተስማማ የሚጎዱት ነገር የለም። ካልተስማማ መልሱን አግኝተዋል። በተረፈ ሳተላይት ለሚቀይሩ ጣቢያዎች ብዙም አይዘኑባቸው፤ የሳተላይት ኪራይ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ከባድ ወጪ ነው። ከኢትዮጵያ ጋር ሰፊ አለመግባባት ውስጥ ባለችው በግብፅ በተቋቋመው የሳተላይት ድርጅት በናይልሳት ላይ መተማመንም ለአገር የሚያሰጋ ነገር ነበር። የተጎዳው በውጭ ያለው ተመልካች ነው፤ ይህ ደግሞ ጣቢያዎቹ ሊያስቡበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

2ኛ መልስ፤ ከስቶክሆልም

እኔ ደግሞ ስለ አከራዩ የጠየቁትን ልመልስ። የምኖርበት አካባቢ ብዙ የውጭ ተወላጆች የሚኖሩበት በመሆኑ ይህ ክርክር በየሕንፃው ያለ ነው፤ ለተከራዮች በበጎ ፈቃድ ስለማስተረጉምም ጉዳዩን ከቅርብ አውቀዋለሁ።

በመጀመሪያ ማወቅ ያለብዎት ነገር፣ የአገርዎን ቴሌቪዥን ለመቀበል መፈለግዎ በአውሮፓ ሕግ ፊት እንደ ቅንጦት የሚታይ አለመሆኑን ነው። እዚሁ ስቶክሆልም፣ ሪንከቢ በሚባለው ሰፈር፣ ከኢራቅ የመጡ ባልና ሚስት በዓረብኛና በፋርስኛ የሚተላለፉ ዝግጅቶችን ለማየት ዲሽ በመስቀላቸው የኪራይ ውላቸው ፈርሶ ከቤታቸው ወጥተው ነበር። የስዊድን ፍርድ ቤት ለአከራዩ ቢፈርድም፣ ስትራስቡርግ የሚገኘው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 16 ቀን 2008 (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር) በሰጠው ውሳኔ፣ መረጃ የማግኘት ነፃነትን የሚደነግገው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ስምምነት አንቀጽ 10 መጣሱን አረጋግጧል። ፍርድ ቤቱ በተለይ የጠቀሰው ነገር ልብ የሚነካ ነው፤ ከሌላ አገር የመጣ ቤተሰብ ከአገሩ ባህልና ቋንቋ ጋር ያለውን ግንኙነት ለመጠበቅ እንዲህ ያለው ቴሌቪዥን ትልቅ ጥቅም እንዳለውና ከፖለቲካ ዜና ባሻገር ባህልና መዝናኛም መረጃ መሆኑን ነው ያስገነዘበው።

በጀርመን ደግሞ ነገሩ ከዚያም ቀደም ብሎ የታየ ነው። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ1994 (እ.ኤ.አ.) የአንድ ቱርካዊ ተከራይን አቤቱታ ተመልክቶ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5 ለሁሉም ክፍት ከሆነ ምንጭ መረጃ የማግኘት መብት ስለሚሰጥ፣ የአከራዩ የንብረት መብትና የተከራዩ የአገሩን ዝግጅት የማየት ፍላጎት በሚዛን መታየት እንዳለባቸው ወስኗል። ይህ ማለት ተከራዩ ሁልጊዜ ይረታል ማለት አይደለም። ፍርድ ቤቶቹ የሚያዩት ዲሹ በባለሙያና በማያሰጋ ሁኔታ መተከሉን፣ ግድግዳ መቦርቦሩን አለመቦርቦሩን፣ ከመንገድ ምን ያህል እንደሚታይ፣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍንና ከሁሉም በላይ ያው ዝግጅት በኬብል ወይም በሌላ መንገድ ሊገኝ መቻሉን ነው። ግድግዳ ሳይነካ በረንዳ ወለል ላይ በእግሩ የሚቆምና ከአጥሩ በላይ ብዙም የማይታይ ዲሽ፣ በብሎን ከሕንፃው ጋር ከታሰረው በእጅጉ የተሻለ ተቀባይነት አለው።

እንግዲህ ከሪያድ የጻፉልዎት ወንድማችን ከነገሩን ጋር አያይዘው ይመልከቱት። የመከራከሪያዎ ጉልበት ያለው «ይህ ዲሽ ከሌለ እናቴ የአገራቸውን ቴሌቪዥን ማየት አይችሉም» በሚለው ላይ ነው። ዲሹ ቻናሎቹን የማያመጣ ከሆነ፣ ቻናሎቹም በኢንተርኔት የሚገኙ ከሆነ፣ ይህ መከራከሪያ ከሥሩ ይናጋል። በጀርመን አንዳንድ ፍርድ ቤቶች የኢንተርኔትን አማራጭ ከግምት ማስገባት ከጀመሩ ቆይተዋል። መብትዎን መተው አለብዎት እያልኩ አይደለም። ነገር ግን ከአከራይ ጋር መጣላት ዋጋ አለው፤ ያንን ዋጋ ምንም ሲግናል ለማይቀበል ብረት መክፈል ተገቢ አይመስለኝም።

ደብዳቤውን ግን መልስ ሳይሰጡ እንዳያልፉት። ቀነ ገደብ ካለው ከዚያ በፊት በጽሑፍ፣ በትሕትና፣ ጉዳዩን እያጣሩ መሆኑን ይግለጹ፤ የደብዳቤዎን ቅጂም ይያዙ። በከተማዎ የተከራዮች ማኅበር አለ፤ አባል ለሆነ ሰው የሕግ ምክር ይሰጣል። አከራዩ ገጽታ ያበላሻል ከማለት አልፎ ውል አፈርሳለሁ ወደሚል ማስፈራሪያ ከተሸጋገረ ያለ እነሱ ምክር አንድም ነገር አይፈርሙ።

3ኛ መልስ፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ጥያቄዎን ሳነብ የራሴ ቤት ጉዳይ የተጻፈ ያህል ተሰምቶኛል። እኔም አባቴን የምጦር ሰው ነኝ። በእኛ በኩል የ57 ዲግሪው ነገር ጨርሶ አያከራክርም፤ ዋሽንግተን በምዕራብ 77 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ሳተላይቷ ከአድማስ በታች ናት፤ መካከላችን ምድር አለች። በአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ1996 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ደንብ መሠረት እስከ 1 ሜትር ስፋት ያለውን ዲሽ በራሳችን በረንዳ ላይ ማቆም ይፈቀድልናል፤ ሆኖም መብቱ ቢኖረንም የምንፈልገው ሲግናል ወደዚህ አይመጣም። ስለዚህ እዚህ ያለው ወገን ከእናንተ ቀድሞ ወደ ኢንተርኔት ለመግባት ተገድዷል፤ ከዚያ የተማርኩትን ልንገርዎ።

ዋና ዋናዎቹ የአገር ቤት ጣቢያዎች ሥርጭታቸውን በዩቲዩብ በቀጥታ ያስተላልፋሉ፤ ድራማና ዜናቸውንም እየከፋፈሉ ይጭናሉ። እዚሁ እኛ ከተማ በ2008 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው ኢቢኤስም ዝግጅቶቹን በዚያው ያቀርባል። ስለዚህ በየሱቁና በየፌስቡኩ «መቶ የኢትዮጵያ ቻናል በአንድ ሳጥን» እየተባለ በወር ክፍያ የሚሸጠውን ዕቃ እንዳይገዙ። ባለቤቶቹ በነፃ የሚሰጡትን ሰብስቦ፣ ያልፈቀዱትንም ጨምሮ መሸጥ ነው። ሻጩ አንድ ቀን ሲጠፋ የሚከሱት ሰው አያገኙም።

ለአባቴ ያደረግነው ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የምትሰካ ትንሽ ዕቃ መግዛት ነው፤ ፋየር ስቲክ፣ ክሮምካስት፣ ሮኩ የሚባሉት ሁሉ ለዚህ ይሆናሉ። የቴሌቪዥኑ ሪሞት ተቀምጦ የእሷ ብቻ ሪሞት እጃቸው ላይ እንዲኖር አደረግን፤ አዝራሮቹ ጥቂት ስለሆኑ ከቀድሞው የሪሲቨር ሪሞት ይልቅ ቀለላቸው። ለአባቴ ብቻ የሚሆን የዩቲዩብ አካውንት ከፍተን፣ የሚወዷቸውን ጥቂት ጣቢያዎች ብቻ መዘገብንላቸው። ሌላው ሁሉ እንዲጠፋ አደረግን። ሲከፍቱት የሚያዩት ምልክቶቹን ነው፤ ምልክቱን ደግሞ ከዲሹ ዘመን ጀምሮ ያውቁታል።

አሁን የምነግርዎት ነገር ግን ከዕቃውም ከክፍያውም በላይ ያሳሰበኝ ነው፤ እባክዎ ልብ ይበሉት። በዲሽ ዘመን አንድ ሽማግሌ ኢቲቪን ከከፈተ ቀኑን ሙሉ የሚያየው ኢቲቪን ነው። ዜናው ያልቃል፤ ሙዚቃ ይመጣል፤ የግብርና ዝግጅት ይቀጥላል፤ ሰውየው ይስማማው አይስማማው የሚናገረው ማን እንደሆነ ያውቃል። ዩቲዩብ ግን አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ የራሱን ምርጫ ያስከትላል። አባቴ ዜና ከፍተው ሶፋው ላይ ሸለብ ሲያደርጋቸው፣ ሲነቁ የሚያገኙት ማንነቱ የማይታወቅ ሰው አንዱን ሕዝብ በሌላው ላይ እያነሣሣ ሲጮህ ነበር። እሳቸው ደግሞ ከቴሌቪዥን የወጣ ሁሉ ጣቢያ ያጣራው ይመስላቸዋል፤ ስለ ዘመድ ቀዬ የተነገረ የሐሰት ወሬ ሰምተው እንቅልፍ ያጡበት ሌሊት ጥቂት አይደለም። በጦርነቱ ጊዜ ይህ ነገር ስንቱን አረጋዊ በውጭ አገር ክፍሉ ውስጥ ብቻውን እንዳስጨነቀ እኔ ነኝ የማውቀው። ስለዚህ በቅንብሩ ውስጥ ገብተው ቪዲዮ በራሱ ተከትሎ እንዳይጀምር የሚያደርገውን ይዝጉ፤ የተቀረጸ ሳይሆን የቀጥታ ሥርጭቱን ይክፈቱላቸው፤ ቀጥታው አያልቅምና ሌላ ነገር አይከተለውም። በሳምንት አንድ ጊዜም ያዩትን ዝርዝር እየገቡ ይመልከቱ፤ ያልፈለጉት ነገር ከገባ ያጥፉት፤ አለበለዚያ ያንኑ የመሰለ እየደጋገመ ያመጣል።

ሁለት ጉድለቶችን ሳልደብቅ ልንገርዎት። እግር ኳስ ሲሆን ጣቢያዎቹ ብዙ ጊዜ የማሳየት መብት ያላቸው ለአገር ውስጥ ብቻ ስለሆነ በኢንተርኔት የሚተላለፈውን ያቋርጡታል። ደግሞም የቀጥታ ሥርጭቱ አድራሻ አልፎ አልፎ ስለሚቀየር፣ እናትዎ «ጠፋብኝ» ሲሉ የሚያስተካክል ሰው በቤት ውስጥ መኖር አለበት። ልጆችዎን ያስለምዷቸው፤ ለሴት አያት የሚሆን ሥራ ሲሰጣቸው ደስ ይላቸዋል።

4ኛ መልስ፤ ከጅዳ

ከላይ የጻፋችሁት ሁሉ ትክክል ቢሆንም፣ ኢንተርኔት ሁሉንም ይተካል የሚለውን እንዳለ ለመቀበል እቸገራለሁ። እኔ ሰው ቤት ተቀጥሬ የምሠራ ነኝ። ጣሪያው ላይ ያለው ዲሽ የአሠሪዎቼ ነው፤ ወዴት እንደሚዞር የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ዋይፋዩን ያገኘች እህት አለች፤ ያላገኘች ደግሞ ብዙ ናት። ጥራቱ ከፍ ያለ ምስል በሰዓት ከ1 ጊጋባይት ተኩል እስከ 3 ጊጋባይት ዳታ ይበላል፤ ይህ ከደመወዛችን ላይ የሚወጣ ነው። ጥራቱን ወደ 480 ዝቅ ማድረግ ከግማሽ በላይ ይቆጥባል፤ በትንሽ የስልክ ስክሪን ላይ ልዩነቱም ብዙ አይታይም።

ከዚያ በላይ የሚቆጥበው ግን ድምፅ ብቻ መስማት ነው፤ በሰዓት ወደ 60 ሜጋባይት ገደማ ይበቃዋል። የጀርመን ድምፅ ከ1965 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአማርኛ እያሰራጨ ነው፤ ዝግጅቱን በፈለጉት ሰዓት አውርዶ መስማት ይቻላል። ሥራ እየሠራሁ የምሰማው እሱን ነው። እህቴ፣ እናትዎ ዓይናቸው ሲደክም ይህን ቢከፍቱላቸው መልካም ነው፤ የሚዘጋጀውም እዚያው እናንተ አገር፣ ቦን ከተማ ነው። ለጣቢያዎቻችን ኃላፊዎች የሚደርስ ድምፅ ያለው ሰው ደግሞ የቀጥታ ሥርጭታቸውን ድምፅ ብቻ በሆነ አማራጭ እንዲያቀርቡልን ቢጠይቅልን፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በሊባኖስ ላለን ሁሉ ትልቅ ነገር በሆነ ነበር።

ከጠያቂዋ፤ ሙኒክ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለሠራተኛው ከሪያድ እንደተነገረኝ አስቀድሞ ካሳየኝ ብቻ እንደምከፍል ብነግረው፣ ቦታውን ለማየት እንኳን ሳይመጣ ቀረ። በረንዳችንም በተባለው መሠረት ስመለከተው ወደ ምዕራብ የሚያይ ነው፤ ደቡብ ምሥራቁ በገዛ ግድግዳችን የተዘጋ ነው።

ለአከራዩ ዲሹን በራሳችን ጊዜ እንደምናነሣ፣ ነገር ግን ወደፊት የሚያስፈልገን ከሆነ ግድግዳ ሳይነካ በረንዳ ወለል ላይ የሚቆም ዲሽ የማቆም መብታችንን እንዳልተውን ጠቅሰን ጻፍንለት፤ ደብዳቤውን ከመላካችን በፊት የተከራዮች ማኅበሩ አይቶልናል። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የምትሰካውን ዕቃ ገዝተን ልጄ አስተካክላለች፤ በራሱ የሚቀጥለውንም ዘግታዋለች። ከሜሪላንድ ስለጻፉልኝ ነገር ከእናቴ ጋር በግልጽ ተነጋግረንበታል፤ ከዩቲዩብ የሚወጣ ሁሉ ከጣቢያ የመጣ አለመሆኑን ሲረዱ፣ በቀደመው ሳምንት ዘመድ ቤት ሰምተው ያዘኑበትን አንድ ወሬ አንሥተው ጠየቁኝ፤ ሐሰት ነበር። ከጅዳ ለጻፍሽልኝ እህቴ፣ ሬዲዮውን ወደውታል፤ ስለ ድምፅ ብቻ የሆነው አማራጭ ለሁለት ጣቢያዎች በስሜ ጽፌላቸዋለሁ፤ ሌሎቻችሁም ብትጽፉ ይበረታል።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ማታ ሁላችንም ቤት ስንሆን ምስሉ ይቆማል፤ ክብ ነገር እየዞረ ያስጠብቀናል። ቀን እናቴ ብቻቸውን ሲያዩ ይህ አይታይም። የኢንተርኔት ውላችንን ከፍ ማድረግ አለብን?

ከሪያድ

ውሉን ከመቀየርዎ በፊት ዋይፋዩን ይፈትሹ። ለአንድ ጥራት ያለው ሥርጭት በሰከንድ 5 ሜጋቢት ገደማ ይበቃል፤ አብዛኛው የቤት ውል ከዚያ በላይ ነው። ማታ የሚያስቸግረው ልጆቹ በየስልካቸው ተመሳሳዩን ዋይፋይ ሲሻሙት ወይም የጎረቤት ዋይፋይ ሲረብሽ ነው። ራውተሩ ከቴሌቪዥኑ ሩቅ ከሆነ ያቅርቡት፤ ዕቃዋ የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ ካላት፣ ወይም ለብቻው የሚሸጠውን መሰኪያ ካገኙላት፣ በገመድ ያገናኙት። ከዲሹ ወደ ሳሎን የገባው የድሮ ገመድ ለዚህ አይሆንም፤ ዓይነቱ ሌላ ነው። ነገር ግን እሱ በገባበት ቀዳዳ አዲሱን ማሳለፍ ይችላሉ፤ ሌላ ግድግዳ አይቦርቡሩ።